የብርድ ልብስ ጫማዎቹ

ጥቅምት 3

ዝናብ ዋለ። ናጊ ጠዋት ከበሩ አልገባ ብላ ዝናቡ ላይ ቆመች። ጃንጥላ ይዤ አጠገቧ ቆምኩ። የክፍሌ ረዳት ወይዘሮ ቶጋሺ ከደረጃው ላይ ሆነው "በሉ ሁለታችሁም ታመሙና እኔ ብቻዬን ላስተምር" ይላሉ።

ኋላ ገባን። ጫማዋን አውልቃ ቦታው ካስቀመጠች በኋላ የሹራቤን እጅጌ ጫፍ ይዛ አፍንጫዋ ላይ አደረገችው። ሲደላት እንዲህ ናት። ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ ቃል አይወጣትም፣ ደስታዋ ግን ይኸው ነው… የሰው እጅጌ ማሽተት። ለሁሉ ሰው አታደርገውም። እኔን እንኳ ያሸተተችኝ ክፍሌ ከገባች ከዓመት በኋላ ነው። ያኔ ሹራቡን ሳላጥበው ሰነበትኩ።

ከምሳ በኋላ ልጆቹ ጥርሳቸውን ሲቦርሹ ሂሳኤ ከጎረቤት ክፍል ብቅ አለች። ዘጠኝ ዓመት ጎን ለጎን ስናስተምር ሳታንኳኳ መግባት ለምዳለች።

"ማስታወቂያውን አየሽው፣ ካዮ?"

"የቱን?"

"የዩኒቨርሲቲውን ነዋ። ዓመት ሙሉ ከነደመወዝሽ ትማሪያለሽ። የማይናገሩ ልጆችን በሥዕል ማነጋገር… ያንቺ ነገር እኮ ነው።"

ከወረዳው አንድ ሰው ብቻ ነው የሚወስዱት። "አንቺስ?" አልኳት።

"እኔማ አማቴን ለማን ጥዬ።"

ከዚያ በኋላ ያስተማርኩትን አላውቀውም። ልቤ እዚያው ወረቀቱ ላይ ቀረ።

ጥቅምት 9

አመለከትኩ። ምክትል ርዕሰ መምህሩ አቶ ኦጊኖ ማመልከቻውን ተቀብለው "እንግዲህ፣ መምህርት ኖዞኤ፣ ክፍት ትምህርቱን እርስዎ ክፍል እናድርገው" አሉ። ኅዳር ላይ ሠላሳ ያህል እንግዳ ይመጣል። ግድግዳውን ይዘው ቆመው ያያሉ፣ ከዚያ ተቀምጠው ይተቻሉ። "የትምህርት ቢሮው የናጊንም ጉዳይ ያን ዕለት ያየዋል" አሉ ደግሞ፣ ሌላ ነገር የሚያወሩ ይመስል።

ስለዚህ ካማረ እኔ እማራለሁ፣ ናጊም እዚሁ ትቆያለች። እኔ በሌለሁበት ዓመት ሂሳኤ ትይዛታለች፣ ተነጋግረናል። ካላማረ ናጊ ከተራራው ማዶ ካለው አዳሪ ትምህርት ቤት ትገባለች። ቢሮው "እናንተ ጋ ለእንዲህ ያለ ልጅ የሠለጠነ ሰው የለም" ይላል። ሠልጥኑ ሲባል ደግሞ በዓመት አንድ ሰው… ለረዳቶችማ ጭራሽ የለም።

እናቷ ዓሣ ማድረቂያው ቤት ነው የምትሠራው። ትናንት በሩ ላይ "ሲመሽ ሲመሽ እንኳ ልያት እንጂ" አለችኝ።

ጥቅምት 13

ናጊን የሚያሸብራት ድምፅ ነው። እንግዳ ሲመጣ ጫማውን በር ላይ አውልቆ የትምህርት ቤቱን አረንጓዴ የፕላስቲክ ነጠላ ጫማ ያደርጋል። ጧ ጧ ጧ… አምና ሁለት ሰዎች በኮሪደሩ ሲያልፉ ጠረጴዛ ሥር ገብታ ግማሽ ቀን አልወጣችም። ሠላሳ ሰው ሲሆንስ?

መላውን ያመጣችው ሂሳኤ ናት። "ለምን ከጨርቅ አንሰፋላቸውም? የአማቴ አሮጌ ብርድ ልብስ ቤቱን ሞልቶታል።"

የክፍት ትምህርት ዕቅድ የአንድ ሰው አይባልም። አብረው ያቅዱታል፣ አንዱ ቆሞ ያስተምራል፤ ቢያምርም ቢበላሽም የሁሉም ነው። ዕቅዱ ላይ የሁለታችንም ስም አለ። ስማችንን ጎን ለጎን ሳየው ደስ አለኝ።

ጥቅምት 24

የዕረፍት ቀን። ሂሳኤ ቤት ስፌት ዋልን። ወይዘሮ ቶጋሺም መጡ። አማትየዋ እግራቸውን ማሞቂያ የተገጠመበት ጠረጴዛ ሥር ከተው በየደቂቃው "ብርድ ልብሴን ማን ቀደደው?" ይላሉ። ሂሳኤ ቀና ሳትል "አይጥ ነው፣ እማማ" ትላቸዋለች። ሳቅ ገደለን።

ወይዘሮ ቶጋሺን በቀልድ "እርስዎ የት ነው የሠለጠኑት?" አልኳቸው። ክንዳቸውን ገልጠው የቆየ የጥርስ ምልክት አሳዩን። "እኔ የሠለጠንኩት በንክሻ ነው።"

ሂሳኤ ክሩን በመርፌው ቀዳዳ እያስገባች "አንቺ ስትመለሺ የተማርሽውን አንድም ሳታስቀሪ ታስተምሪናለሽ" አለች። "ማይ።"

ማልኩ። ይቺን ጓደኛ ማን ሰጠኝ እያልኩ በእግሬ ወደ ቤት መጣሁ። ጣቶቼ በመርፌ ተወጋግተዋል።

ጥቅምት 30

ሙከራ። የወጥ ቤቱን ሴቶች የጨርቁን ጫማ አድርገው በኮሪደሩ እንዲመላለሱ አደረግን። ናጊ ቀና ብላም አላየች።

ኅዳር 6

ነገ ነው። ናጊ ዛሬ "ውሃ" የሚለውን ሥዕል ሳልጠይቃት አንሥታ ሰጠችኝ። ጠምቷት፣ ራሷ መርጣ፣ ለእኔ። ይህን አንድ ነገር እንግዶቹ ቢያዩልኝ ሌላ አልፈልግም።

ሂሳኤ ወደ ቤት ስንወጣ "በሩን ለኔ ተይው" አለች። "እንግዶቹን እኔ አጫማለሁ። አንቺ ናጊን ብቻ ያዢ። በይ ሂጂና ተኚ።"

እሺ… ልተኛ።

ኅዳር 7

ዛሬ አልጽፍም።

ኅዳር 8

ልሞክር።

ጅማሬው ጥሩ ነበር። ናጊ ሥዕሎቹን ደረደረች። እጇን "ውሃ" ላይ አሳረፈች… ልታነሣው ነበር። ያን ጊዜ ከደረጃው ጧ። ጧ ጧ። ከዚያ ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ በረዶ ኮሪደሩን ሞላው። አረንጓዴዎቹ ናቸው፣ ሁሉም። በሩ ተከፈተና በትሕትና ጎንበስ ጎንበስ እያሉ ገቡ።

ናጊ ጠረጴዛው ሥር ገብታ ጮኸች። ጭንቅላቷን ከወለሉ ስታጋጭ እጄን አነጠፍኩላት። ወይዘሮ ቶጋሺ "እባካችሁ፣ ነጠላ ጫማውን አውልቁት" ብለው ለመኑ፤ አቶ ኦጊኖ በዓይን ገሠጿቸው። የቢሮው ሰውዬ ይጽፋል። ሂሳኤን በዓይኔ ፈለግኳት። በሩ አጠገብ ቆማ ወለሉን ታያለች።

ከዚያ ውይይቱ። ረዳቶች አይገቡም፤ ወይዘሮ ቶጋሺ ናጊን ይዘው ቀሩ። ሰውየው "የእንግዶቹ ድምፅ ልጅቷን እንደሚረብሻት አስቀድሞ አልታሰበም?" ብሎ ጠየቀ። እኔ ዝም አልኩ፣ ሂሳኤ ትናገራለች ብዬ። በሩን የያዘችው እሷ ናት፤ በእንግዳ ፊት እሷን ማሳጣት አልሆነልኝም። ተነሣች።

"እኔንም ያሰጋኝ ይኸው ነበር። መምህርት ኖዞኤ ግን በልጅቷ በጣም ተማምነውባት ነበር።"

ወረቀቷን አስተካክላ ተቀመጠች። እኔ ተነሥቼ አጎነበስኩና ይቅርታ ጠየቅኩ። ምን አጥፍቼ? አሁንም ማጎንበሴን ሳስበው ያመኛል።

ኅዳር 10

ጫማዎቹን ወይዘሮ ቶጋሺ አገኟቸው። ስፖርት አዳራሹ ዕቃ ቤት፣ ከኳሶቹ ጀርባ፣ በካርቶን ውስጥ።

ሂሳኤን ደረጃው ሥር ጠብቄ ያዝኳት።

"አቶ ኦጊኖ ናቸው" አለች። "ዋዜማውን፣ አንቺ ከሄድሽ በኋላ አዩዋቸው። ለቢሮ ሰው የብርድ ልብስ ቁራጭ ማጫማት ነውር ነው አሉ። ምን ልበላቸው?"

"ለሳቸው ምንም ባትይ ግድ የለም። ለኔ ግን ያኔውኑ መንገር ነበረብሽ።"

"ልደውልልሽ ስልኩን አንሥቼ ነበር… እንቅልፍሽን እንዳልነሳሽ ብዬ።"

"እንቅልፌን።"

"ናጊ ምናልባት አትሰማው ይሆናል ብዬ አሰብኩ እኮ፣ ካዮ።"

ነግራኝ ቢሆን ናጊን ሜዳ ላይ አስተምራት ነበር። ሣር ላይ ማን ይሰማል? በር ላይ ቆሜ እንግዶቹን አንድ በአንድ እለምን ነበር። አንድ ስልክ ነው የከለከለችኝ።

ግን አልጮህኩባትም። ኦጊኖን ፈርታ ነው፣ ማን አይፈራቸውም… እያልኩ መንገዱን ሙሉ ጠበቃ ቆምኩላት።

ኅዳር 21

የጠዋት ስብሰባ፣ ሁላችን ቆመን። አቶ ኦጊኖ "ለዩኒቨርሲቲው ከኛ ትምህርት ቤት ሁለት አመልካቾች ነበሩን" አሉ። "መምህርት ሂሳኤ ኩራታ ተመርጠዋል።" ተጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ።

ሁለት? ማመልከቻ መቀበል ያቆሙት እኮ ጥቅምት አጋማሽ ላይ ነው። ስፌቱ ከዚያ በኋላ ነው። "ስትመለሺ ታስተምሪናለሽ፣ ማይ" ስትለኝ አመልክታ ነበር ማለት ነው። ያመለከተች ሴት ናት ያስማለችኝ። አማትየዋን ደግሞ የባሏ እህት ልትወስዳቸው ከመስከረም ጀምሮ ተስማምተው ኖሯል። ይህን ሁሉም መምህር ያውቃል፣ ከእኔ በቀር።

መወዳደሯ አይደለም ያንገበገበኝ። ብትነግረኝ አብረን እንወዳደር ነበር፣ እንቀልድበትም ነበር። ከዳችኝ። ኅዳር ላይ አይደለም፣ ያኔ ነው የከዳችኝ፣ ፊት ለፊቴ ተቀምጣ፣ እየሳቀች፣ እየሰፋች። ስልኩን አንሥታ ያስቀመጠችውስ ኦጊኖን ፈርታ ነው ወይስ… እንጃ። ከእንግዲህ ጠበቃዋ አይደለሁም።

ታኅሣሥ 4

ተወሰነ። ናጊ ከሚያዝያ ጀምሮ ማዶ ነው፣ አዳሪ። እናቷ ከነሥራ ልብሷ መጥታ ነገረችኝ። "በእርስዎ አላዘንኩም" አለች። ብታዝንብኝ ይሻለኝ ነበር።

የካቲት 13

በረዶ። ናጊ እጅጌዬን አሸተተች። ክንዴ እስኪደነዝዝ አላንቀሳቀስኩትም።

መጋቢት 25

የስንብት ቀን። ሂሳኤ እንደ ማንኛውም ተሰናባች በየጠረጴዛው በወረቀት የተጠቀለለ ጣፋጭ አስቀመጠች። የኔ ላይ ሁለት።

"ተቆጥተሻል አይደል?"

"አልተቆጣሁም።"

"ስመለስ የተማርኩትን ሁሉ አስተምራችኋለሁ።"

"ናጊ የለችማ።"

የምትሄድ መስሎኝ ነበር። "ካዮ… ከጨርቅ ጫማዎቹ አንድ ጥንድ ልውሰድ? እዚያ ላሳያቸው። ጥሩ ሐሳብ እኮ ነበር።"

ፊቷን አየሁት። የምሯን ነው። አላፈረችም።

"አይጥ ቀደደው" አልኳት።

አልሳቀችም። ጣፋጮቹን ለወይዘሮ ቶጋሺ ሰጠኋቸው። "ጣፋጩ ምን አጠፋ" ብለው ሁለቱንም እዚያው በሉ። ጫማዎቹ ቁም ሣጥኔ ውስጥ ናቸው። አንድ ጥንድ ግን የለም፤ ባለፈው ሳምንት በናጊ ሻንጣ ከልብሷ ሥር ከትቼዋለሁ።

ሚያዝያ 22

ዛሬ ሁለት ሰው ደወለልኝ።

መጀመሪያ ሂሳኤ፣ ከዩኒቨርሲቲው። ድምፅዋ ወጣት ሆኗል። "በደንብ የምታውቁትን አንድ ልጅ አቅርቡ ተባልን። ናጊን መረጥኩ።"

"ናጊን።"

"አንድ ነገር ብቻ ጎደለኝ። ሲከፋት የምትሆነውን ሁላችን አይተናል። ደስ ሲላትስ ምን ታደርጋለች?"

ናጊ ክፍሌ በነበረችበት ሦስት ዓመት ሁሉ በአንድ ግድግዳ ተለያይተን፣ ሳታንኳኳ እየገባች… አላየችም። በፊት ቢሆን ሰዓት ሙሉ አወራላት ነበር። አንድም ሳላስቀር።

"አላስታውስም" አልኳት።

"አንቺ? የናጊን?"

"አላስታውስም፣ ሂሳኤ።"

ዋሸሁ። ቆጨኝ? ጠብቄው ነበር፣ አልመጣም።

አመሻሹ ላይ የማላውቀው ቁጥር ደወለ። ወጣት ሴት ናት፣ ትንተባተባለች። "መምህርት ኖዞኤ ነዎት? የናጊ ረዳት ነኝ፣ አዳሪው ቤት። ቁጥርዎን እናቷ ናቸው የሰጡኝ። ይቅርታ፣ ሥራው አዲስ ነው፣ ምንም አላሠለጠኑኝም፣ የምጠይቀውም ሰው የለ…"

"ምን ሆነች?"

"እኔ እንጃ። ኮሪደሩ ላይ እንድሄድ ከሻንጣዋ የጨርቅ ጫማ አውጥታ እግሬ ሥር አስቀመጠችልኝ። አደረግኩት። ከዚያ የእጅጌዬን ጫፍ ይዛ አፍንጫዋ ላይ አድርጋ ቆየች። አመማት ይሆን? ሐኪም ልጥራ?"

እኔን ዓመት ያስጠበቀችኝ ልጅ፣ ወር እንኳ ሳይሞላት። ደስ አለኝ፤ ቀናሁም። ሁለቱም አንድ ላይ መጡብኝ።

"ሃሎ? አሉ?"

"አለሁ" አልኳት። "ሐኪም አይጥሩ፣ አላመማትም። ሹራቡንም ለጊዜው አይጠቡት። አሁን ጊዜ አለዎት? እንግዲያው ቁጭ ይበሉ፣ ከመጀመሪያው ልንገርዎት።"