እኔና ነጃት ብቻችንን የቀረንበት ሐይቅ

ረቡዕ፣ ኦገስት 7፣ 1985

ዛሬም የለም። ነጃት የፖስታ ሳጥኑን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ ወርውራ "ኤምፕቲ" አለችና ክፍሏ ገባች። ቁልፉ አንድ ብቻ ነው፤ እኔ ከመምጣቴ በፊት ጀምሮ በእሷ እጅ ነው። ከእማ ደብዳቤ ካየሁ ሁለት ወር አለፈኝ። ደሴ ቤታችን ስልክ የለም። የምሠራበት የአረጋውያን ቤት ሳሎን ውስጥ ቴሌቪዥኑ የተራበውን የወሎ ሰው ሲያሳይ፣ አንሶላ እንደታቀፍኩ ቆሜ ፊቶቹን አንድ በአንድ አያለሁ። ከዚያ ወደ ላውንድሪው፣ ወደ ልብስ ማጠቢያው እወርዳለሁ።

ባሌ ጀማል ደግሞ ከደስታው ብዛት ጫማውን ሳያወልቅ ገባ። በፋብሪካቸው የሠራተኞች ዕጣ ወጥቶለታል። ሦስት ሰው፣ አንድ ቀን፣ መንገድ የማይደርስበት ሐይቅ ድረስ በአውሮፕላን ሄዶ ዓሣ ማጥመድ።

"አውሮፕላኗ እኮ ውሃ ላይ ነው የምታርፈው!" አለኝ።

"መሬት ምን አደረጋት?" አልኩት።

ሳቁን ሰምታ ነጃት ብቅ አለች። ሲነግራት ዓይኗ በራ። ቀጥሎ እኔ ፊት ለፊት ቆሜ እያለሁ ለአባቷ "እሷም ትሄዳለች?" አለችው።

"እሷ" እኔ ነኝ። ነጃት አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። እናቷ ካርቱም የሞተችው ልጅቷ ስምንት ዓመት ሲሆናት ነው። እኔ ጀማልን አግብቼ ከመጣሁ ዘጠኝ ወሬ። እስከ ዛሬ በስሜም፣ በሌላም ነገር ጠርታኝ አታውቅም።

ሐሙስ

ላለመሄድ ያሰብኳቸው ምክንያቶች፦ የሥራ ሺፍት አለኝ (ውሸት)። ራሴን ያመኛል (ግማሽ ውሸት)። ዋና አልችልም (እውነት)። አውሮፕላን እፈራለሁ (እውነት፤ አንድ ጊዜ ተሳፍሬ እዚህ መድረሴ ይበቃኛል)።

ጀማል አንዱንም አልተቀበለም። "ዘሃራዬ፣ እኔ ሁለታችሁን አንድ ቦታ ላይ ማየት ነው የናፈቀኝ" አለ። ይህን ሲል ድምፁ ደከም አለብኝና እሺ አልኩ።

ዓርብ

የሚያዝ፦ ዳቦ፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ ድንች፣ መጥበሻ፣ የራሳችን ዘይት (እዚያ በአሳማ ስብ ነው የሚጠብሱት ብሎታል የሥራ ጓደኛው)፣ ጨው፣ ትንሽ በርበሬ፣ ሹራብ፣ መስገጃ።

ነጃት ባለፈው ዓመት በትምህርት ቤት ካምፕ ማጥመድ ተምራለች። ምንጣፉ ላይ ቁጭ ብላ ክሩን ከመንጠቆው ጋር እንዴት እንደሚያስሩት ለአባቷ ስታሳየው ከማድ ቤት ሆኜ አየሁ። ጣቶቿ ፈጣን ናቸው። እኔ ሐይቅ ከተማ አክስቴ ዘንድ ስሄድ ሰዎች ዓሣ ሲያወጡ አይቻለሁ እንጂ እጄ ነክቶት አያውቅም።

ፖስታ፦ የለም።

ቅዳሜ

መኪና ውስጥ ነው የምጽፈው፤ ገና አልመሸም። ጀማል ይነዳል። ነጃት ከኋላ ተኝታለች።

ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ከሰፈራችን ከጄን ኤንድ ፊንች ተነስተን ሦስት ሰዓት ተኩል ወደ ሰሜን ነዳን። አብራሪው ዶን የሚባል ነጭ ጺም ያለው ሽማግሌ ነው። አውሮፕላኗ ትንሽ ቢጫ ነገር፤ በእግሯ ፋንታ ሁለት ረጃጅም ታንኳ የመሰሉ ነገሮች አሏት። ዶን ሁላችንንም እንደ ጆንያ ሚዛን ላይ አወጣን። ከዚያ ጺሙን አሸት አሸት አደረገና ሐይቁን አየ። ነፋስ የለም፤ ውሃው እንደ መስታወት ተኝቷል። እንዲህ ሲሆን አውሮፕላኗ ከነሙሉ ጭነቷ ከውሃው ለመላቀቅ ትቸገራለች አለ። ሁለት ምልልስ ይሆናል። መጀመሪያ እኔና ነጃት ከነዕቃው፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ ጀማል።

ነጃትና እኔ ተያየን። የዚያን ጊዜ ብቻ ተስማማን፤ ሁለታችንም አልፈለግንም።

ስትነሳ ዓይኔን ጨፍኜ ያሲን እቀራ ነበር። ስገልጥ ከታች አገሩ ሁሉ ውሃና ጥድ ነው። መንገድ የለም፣ ጣሪያ የለም። ነጃት ግንባሯን መስኮቱ ላይ ለጥፋ ፈገግ ብላለች፤ እንደማያት ስታውቅ ተወችው።

ዶን ውሃው ላይ በተሠራ ትንሽ የእንጨት መሳፈሪያ ላይ አወረደን፣ የታሰረ ጀልባ አሳየን፣ ከሐይቁ ዳር እንዳትርቁ አለንና ሄደ። ድምፁ እስኪጠፋ ቆመን ሰማን። ከዚያ በኋላ የነበረውን ጸጥታ እንዴት ብዬ ልጻፈው? ጆሮዬ ሥራ ፈታ።

ጀልባው ውስጥ ገባን። እሷ ትል መንጠቆው ላይ ስትሰካ እኔ ፊቴን አዞርኩ። እኔ ቀዘፍኩ፤ ጀልባዋ ዞራ ዞራ እዚያው። ነጃት አፏን በእጇ ይዛ ስትስቅ "እስቲ አንቺ ነይ ቅዘፊ!" አልኳት። እሷም እዚያው አዞረችን።

ሣር ከበቀለበት ጥግ ስንደርስ የማጥመጃ ዘንጓ በአንዴ ጎበጠ። ጀልባዋ ዘመመች።

"ዘሃራ! መረቡን! መረቡን!"

በዘጠኝ ወር በስሜ ስትጠራኝ የመጀመሪያዋ። ስሜን ማወቋንም እጠራጠር ነበር። ከጀልባው ወለል መረቡን አንስቼ በሁለት እጄ ይዤ ጎንበስ ስል ውሃው ውስጥ እንደ ክንዴ የረዘመ አረንጓዴ ነገር አየሁ፣ ጥርስ ያለው። ጮህኩ። እሷም ጮኸች። ግን መረቡን አልለቀቅኩም። ጀልባው ውስጥ ሲፈራገጥ ሁለታችንም እግራችንን ሰቅለን ተቀመጥን።

"ፓይክ የሚባለው ዓሣ ነው" አለች እያለከለከች። "ትልቅ ፓይክ!"

ድንጋይ ላይ እሳት አንድደን በላነው። እሷ በቢላዋ ስትከፍተው እኔ ጨውና በርበሬ ነሰነስኩ። እሾኹ ብዙ ነው፣ ሥጋው ግን ነጭና ጣፋጭ። ለአባቷ ድርሻ ለየን። አባቷ ግን የለም። ከአንድ ሰዓት በኋላ ይመጣል ከተባለ ሦስት ሰዓት አለፈ። በስተደቡብ፣ እነሱ ባሉበት በኩል፣ ሰማዩ ጠቁሮ ነጎድጓድ ይሰማል። እኛ ጋ ጥቂት ጠብታ ብቻ ጣለ።

ሰግጄ ስነሳ ነጃት ጉልበቷን አቅፋ ሰማዩን ታያለች።

"አባዬ አውሮፕላኑ ውስጥ ቢሆንስ?" አለች። እንደ ወትሮው በእንግሊዝኛ ሳይሆን በአማርኛ ነው ያለችው።

"ዶን በዚህ አየር አይነሳም። አብራሪ ሆኖ እንዲያ እስኪሸብት የኖረው ስለሚጠነቀቅ ነው።"

"ቢነሳስ?"

"አይነሳም፣ አብሽሪ፣ አይዞሽ።"

ማልቀስ ጀመረች። ልይዛት ስጠጋ ሸሸችኝ። "በእኔ ነው" አለች። "አላህ እየቀጣኝ ነው። ደብዳቤዎችሽን ደብቄያለሁ።"

አልገባኝም። ደግማ አለችው።

ብድግ ብዬ ውሃው ዳር ድረስ ሄድኩ። እጄ ለመማታት አልተነሳም ብል ውሸት ነው። ጀርባዬን ሰጥቻት "ስንት ነው?" አልኩ።

"ሦስት።"

"የመጨረሻው መቼ መጣ?"

"ባለፈው ሳምንት። ማክሰኞ።"

ባለፈው ሳምንት! ያ ረቢ! እናቴ አለች። ደብዳቤው በመንገድ አንድ ወር ቢቆይ እንኳ፣ ከአንድ ወር በፊት አለች። ድንጋዩ ላይ ተቀመጥኩ። አለቀስኩ፣ አልሐምዱሊላህ አልኩ፣ ደግሞ ተናደድኩ፣ ሁሉንም በአንድ ላይ።

ብዙ ቆይታ መጥታ ከእኔ ትንሽ ራቅ ብላ ተቀመጠች።

"ለምን?" አልኳት።

"ደብዳቤ ሲመጣ ታለቅሻለሽ። አባዬ ከአንቺ ጋር ይቀመጣል። የመጨረሻውን ያነበብሽ ጊዜ እኔ ትምህርት ቤት መድረክ ላይ የምዘምርበት ቀን ነበር። እመጣለሁ ብሎኝ ነበር። ቀረ።"

ያን ቀን አስታውሳለሁ። የጁን ወር ነው። ጀማል አጠገቤ ተቀምጦ እጄን ይዞ ነበር፤ ልጅቷ የት እንደሄደች አልጠየቅኩም። ነጭ ሸሚዝ ለብሳ ስትገባ አይቻት ለምን እንደለበሰች እንኳ አልጠየቅኩም።

"ይህን አላወቅኩም ነበር" አልኳት። ይቅር አልኩሽ አላልኩም፤ ገና አላልኩም።

አሥር ሰዓት ላይ የአውሮፕላኑ ድምፅ ተሰማ። ነጃት እየሮጠች መሳፈሪያው ጫፍ ላይ ቆመች። ጀማል ሲወርድ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች፤ ምን እንደነካት ሳይገባው አቀፋት። ዝናቡ ሲያባራ ነው የተነሱት። ዶን ግማሽ ሰዓት ብቻ እንዲያጠምድ ፈቀደለት። ዕጣው የወጣለት ሰውዬ አንድም ሳይዝ ተመለሰ። አሁን ነፋስ ስላለ ሁላችሁንም በአንዴ እወስዳለሁ አለ ዶን፤ እውነትም አውሮፕላኗ ተነሳች።

"ቀኑን ሙሉ ምን ስትሠሩ ዋላችሁ?" አለ ጀማል።

ነጃት አየችኝ።

"ፓይክ ያዝን" አልኩ።

እሑድ

ጀማል ለኦቨርታይም እንደወጣ ሦስቱን ፖስታ አምጥታ፣ የሳጥኑን ቁልፍ ከላይ አድርጋ አልጋዬ ላይ አስቀመጠች። አልተከፈቱም።

የመጀመሪያው ሰላምታ ነው፤ የጎረቤት ሰላምታ ሁለት ገጽ። ሁለተኛው፣ እህል ጠፍቷል፣ ወንድምሽ መጥቶ ሊወስደኝ ነው። ሦስተኛው ከአዲስ አበባ፣ ከወንድሜ ቤት፦ አዲስ አድራሻ፣ ደህና ነኝ፣ ነገር ግን ልጄ ምን ሆነሽ ነው ዝም ያልሽኝ?

እኔ እኮ ጽፌያለሁ። በየሳምንቱ ጽፌያለሁ፤ እሷ ወደሌለችበት ደሴ።

ቁጣዬ ከትላንቱ ብሶ ተመለሰ። ነጃትን ጠራኋት። አማርኛ ማንበብ አትችልም፤ ስለዚህ እኔ አነበብኩላት፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ቀስ ብዬ። "ልጄ ምን ሆነሽ ነው" የሚለው ጋ ስደርስ ጆሮዋን ልትይዝ እጇን አነሳች፣ ግን አልያዘችም። ሌላ ቅጣት አልሰጠኋትም። ይህ ይበዛ ይሆን? ያንስ ይሆን? አላውቅም። ልጅ አሳድጌ አላውቅም።

ሰኞ

ከሥራ ስመለስ ለእማ የጻፍኩትን አብረን ሄደን ፖስታ ቤት ሰጠን። ቤት ስንገባ ነጃት፦

"ለአባዬ ነገርሽው?"

"አልነገርኩትም።"

"ልትነግሪው ነው?"

"አላሰብኩበትም።" እውነቴን ነው። ብነግረው ያዝንባታል፤ ብደብቀው ደግሞ እኔም የደበቅኩት ነገር ይኖራል። እሱም ቢሆን ሊሰማ የሚገባው ነገር አለ፤ በዚያ በነጭ ሸሚዙ ቀን መቅረቱን።

"እኔ ራሴ እነግረዋለሁ" አለች። "ግን አንቺ አጠገቤ ተቀመጪ። እሺ?"

"እሺ።"

አሁን አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ነው። ሶፋው ላይ ተቀምጣ ለእኔ ቦታ ትታለች። ምን እንደምትል በሹክሹክታ ስትለማመድ ይሰማኛል፤ አንዴ በእንግሊዝኛ፣ አንዴ በአማርኛ። ጀማል ይቆጣ፣ ይሳቅ፣ ይዘን፣ መገመት አቃተኝ። ሊፍቱ ተከፈተ። የእሱ እርምጃ ነው። ልሂድ።