የልጅ ልጅሽን ያቆየው ባትሪ

ለእማዬ፤

እንደምን ከርመሻል፣ እናቴ? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? አሁንም ደረጃ ስትወርጂ ነው የሚብስብሽ ወይስ መውጣቱም አስቸገረሽ? የዐይንሽን ጠብታ እንዳታቋርጪ ብዬሽ ነበር፤ እንደማትሰሚኝ ግን አውቃለሁ። አባዬስ ያ ሳል ለቀቀው? እህቴስ አዲሱን ሥራዋን ለመደችው? ጎረቤቱ፣ ቤቱ፣ ያ ካልገፉት አልዘጋም የሚለው የግቢያችን በር ሳይቀር እንዴት ነው? እኔ ከናፍቆታችሁ ሌላ የሚያመኝ የለም። ሚስቴም ልጃችንም ደኅና ናቸው። ይህን ቀድሜ የጻፍኩት ከታች ያለውን ስታነቢ ልብሽ እንዳይሰቀል ነው።

ልጅቷ ቀኗ ሳይደርስ መወለዷን በስልክ ነግሬሻለሁ። ያልነገርኩሽ ምን ያህል ትንሽ እንደነበረች ነው። ክንዴ ላይ ባስተኛት ክርኔ ጋ አትደርስም ነበር። ሳንባዋ ገና ስላልጠና ማሞቂያ ሣጥን ውስጥ አስገብተዋት፣ የምትተነፍሰው በማሽን ነበር። ማሽኑ ደግሞ ያለ ኤሌክትሪክ አይሠራም። የዚህ ሆስፒታል ኤሌክትሪክ እንዳይቋረጥ የሚጠብቀው ማን መሰለሽ? እኔው ልጅሽ።

"ሥራህ ምንድን ነው?" ስትዪኝ "ያው የኮምፒውተር ነገር" እያልኩ ሳድበሰብስብሽ ኖሬያለሁ። ዛሬ በደንብ ልንገርሽ። ምድር ቤት ውስጥ ቁም ሣጥን የሚያካክሉ፣ ሆዳቸው በባትሪ የተሞላ ማሽኖች አሉ፤ ዩፒኤስ እንላቸዋለን። መብራት ሲጠፋ፣ ጀነሬተሩ ተነሥቶ እስኪረከባቸው ድረስ ሆስፒታሉን ተሸክመው የሚያቆዩት እነሱ ናቸው። እነሱን የሚያዛቸው ደግሞ ጠረጴዛዬ ላይ ባለው ኮምፒውተር ውስጥ ያለ ፕሮግራም ነው። እያንዳንዱ ክፍል ስክሪኑ ላይ የራሱ አረንጓዴ መስመር አለው። ባትሪው ስንት ደቂቃ እንደቀረው ፕሮግራሙ እያሰላ ይናገራል፤ ኃይል ሲያንስም በተሰጠው ተራ አንዱን ክፍል አጥፍቶ ለሌላው ያተርፋል። ተራውን ያወጣነው እኔና የጨቅላ ሕፃናት ክፍል ኃላፊዋ ሲስተር ነን። ስትስቅ ያያት ስለሌለ ሠራተኛው ሁሉ "ኮስትሬ" ይላታል። ያኔ "የእኔ ልጆች መጨረሻ ነው የሚጠፉት፤ እሱም ከጠፉ ነው!" ብላ ጠረጴዛዬን ስትደበድበው፣ አንድ ቀን የእኔም ልጅ ከልጆቿ አንዷ ትሆናለች ብዬ መቼ አሰብኩ?

ባለፈው ሳምንት ገና ከምሳ እንደተመለስኩ መብራት ጠፋ። ይሄስ ብርቅ አይደለም። ዩፒኤሱ ተቀበለ፤ እኔም ጀነሬተሩ ሲያጓራ ለመስማት ጆሮዬን ቀሰርኩ። ዝም አለ። የጀነሬተሩ መካኒክ ጋ ደወልኩ፤ "አባ ናፍጣ" የምንለው ሽማግሌ ነው። "ይነሣና መልሶ ይሞታል፤ የነዳጁ መስመር ውስጥ አየር ገብቷል። አታዋክበኝ!" ብሎ ጆሮዬ ላይ ዘጋው። ወደ ስክሪኑ ዞርኩ።

ከዚያ በኋላ ያየሁትን ባሰብኩት ቁጥር እስካሁን ሰውነቴን ይወረኛል። ፕሮግራሙ ማንም ሳይነካው ሥራውን ጀመረ። መጀመሪያ ቢሮዎቹን አጠፋ። ቀጥሎ ልብስ ማጠቢያውን፣ ከዚያ ኮሪደሮቹን። አንድ መስመር በጠፋ ቁጥር ለቀሩት ክፍሎች ጥቂት ደቂቃ ይጨመርላቸዋል። ተራውን የሰጠሁት እኔ ነኝ፤ ግን እንዲህ ሳይቸኩል፣ ሳይደነግጥ፣ ትንንሾቹን ወደ ኋላ አድርጎ ሲከላከልላቸው ሳይ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። በዚህ መሀል አስተዳዳሪው ደውሎ "የእኔ ኮምፒውተር ጠፋ እኮ!" አለኝ። "እንኳን ጠፋ፣ ጌታዬ" ብዬ ዘጋሁበት። ምን እንደነካኝ እንጃ።

በመጨረሻ ሁለት መስመር ብቻ ቀረ፤ የጨቅላዎቹ ክፍልና የቀዶ ጥገናው ክፍል። ሁለቱን እኩል መጨረሻ ላይ ስላደረግናቸው ፕሮግራሙ አንዱን ለሌላው አያጠፋም። ደቂቃው እየወረደ ነው። በቀዶ ጥገናው ክፍል ውስጥ ሆዱ የተከፈተ፣ የማላውቀው ሰው ተኝቷል። ያንን መስመር ባጠፋው የልጄ ጊዜ እጥፍ ይሆናል። የሚጠይቀው አንድ ጣት ብቻ ነው። እማዬ፣ አልዋሽሽም፤ እጄ ማውሱ ላይ ነበር። የሚያየኝም የሚጠይቀኝም የለም። "እሱም የእናት ልጅ ነው ብዬ ተውኩት" ብልሽ ደስ ባለኝ፤ የያዘኝ ግን ፍርሃት ነው። ልጄን ባቀፍኳት ቁጥር ያ ሰው አብሯት እንደሚታየኝ ታወቀኝ። እጄን ከማውሱ አንሥቼ ብብቴ ውስጥ ሸጎጥኩት።

ለቀዶ ጥገናው ክፍል ደውዬ ያለውን ነገርኳቸው፤ ሐኪሙ "እየሰፋን ነው" ብቻ አለ። ኮስትሬ ጋም ደወልኩ። እኔም "ልጄ" አላልኩ፣ እሷም "ልጅህ" አላለችም። "በእጅ የሚጨመቀውን የአየር ከረጢት አዘጋጅተናል፤ በእያንዳንዱ ሕፃን አጠገብ ሰው ቆሟል። አንተ ሥራህን ሥራ" አለችኝ። ሥራዬ ግን ቁጥሩን እያዩ መጠበቅ ብቻ ነበር፤ እንደዚያ ያለ ከባድ ሥራ ሠርቼ አላውቅም።

ቁጥሩ ላየው ወደማልደፍረው ሲቃረብ ወለሉ ከእግሬ ሥር ተንቀጠቀጠ። ጀነሬተሩ ነው! አባ ናፍጣ ደውሎ፣ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ እያለ፣ "በል ያዝ!" አለኝ። የጠፉት መስመሮች አንድ በአንድ መለምለም ጀመሩ። እኔም ሁሉም እስኪመለሱ ጠብቄ ተነሣሁ።

ወደ ጨቅላዎቹ ክፍል የሚወስደው መንገድ በቀዶ ጥገናው በር በኩል ነው። እዚያ አግዳሚው ላይ አንቺን የምታህል እናት ተቀምጣለች፤ የልጇን ጫማ ጭኗ ላይ አድርጋለች። መታወቂያዬን አየችና "ልጄ፣ እዚህ ሲጨልም ውስጥም ጨልሞ ነበር?" አለችኝ። "ውስጥ አልጨለመም፣ እናቴ" አልኳት። "ተመስገን" አለችና፣ አሁኑኑ ወጥቶ የሚጫማው ይመስል ጫማውን በመዳፏ ትወለውለው ጀመር። እኔ ግን ቀና ብዬ ላያት አልቻልኩም።

ሚስቴ ከሣጥኑ አጠገብ ቆማለች። የሰው እጅ ስላነሰ አጨማመቁን አሳይተዋት፣ ከረጢቱን በሁለት እጇ ጨብጣ ነበር። ልጃችን ተኝታለች፤ ደረቷ ከፍ ዝቅ ይላል። እናቴ፣ መዳፌን የማታክል ደረት አየር እንድታገኝ ያን ሁሉ ገመድ፣ ያን ሁሉ ባትሪ፣ ያን ሁሉ ሰው ፈለገች! እኛ ደግሞ ያለ ገመድ ስንተነፍስ ኖረን አንድ ቀን እንኳ ገርሞን አያውቅም። ያን ቀን ግን ገረመኝ፤ አጠገቧ ቆሜ ስተነፍስ ራሴን አዳመጥኩት።

ትናንት ማሽኑን ነቅለውላታል፤ አሁን በራሷ ትተነፍሳለች። ስም ገና አላወጣንላትም። ስሟን አንቺ አውጪላት፤ ብቻ አታዘግዪው።

አባዬን ጉልበቱን ሳሚልኝ፤ ሳሉን ችላ እንዳይል ንገሪው። እህቴን "አክስት ሆነሻል፣ ኩራት አብዢ" በያት። አጎቴን፣ ሚስቱንና ልጆቻቸውን፣ የግድግዳ ጎረቤታችንንም በየስማቸው ሰላም በዪልኝ። ሚስቴ እጅሽን ትስማለች። ልጅቷም ሰላም ትልሻለች እንዳልል፣ ለጊዜው የምታውቀው መተንፈስ ብቻ ነው።

አክባሪ ልጅሽ

ከሆስፒታሉ ምድር ቤት፣ ከባትሪዎቹ አጠገብ
ኅዳር 9 ቀን