የአሥራ አንዱ እርምጃ ጉዳይ

ለእግር ኳስ ማኅበሩ የሁለተኛ ሊግ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ቀን፦ ሰኞ፣ ሰኔ 11፣ የሊጉ ሃምሳኛ ዓመት በዓል ሊከበር ሃያ ስድስት ቀን ሲቀረው

ጉዳዩ፦ በሊጉ የታሪክ መጽሐፍ ገጽ 41 በአንድ ግብ ጠባቂ ላይ የተጻፈው ጥፋት የእኔ መሆኑ ታውቆ እንዲታረም ስለመጠየቅ

ክቡር ኃላፊ፣

እኔ አመልካች በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ክለብ ሜዳ ሣር በማጨድና መስመር በማስመር ሃያ ስድስት ዓመት ያገለገልኩ ሠራተኛ ስሆን፣ ከፀጉሬ እስከ ጫማዬ ነጭ ሆኜ ስለምውል ሰው የሚያውቀኝ “ኖራው” በሚለው ስም ነው። አቤት የምለው ተበድዬ አይደለም። በዳዩ እኔ ነኝ። እንዲህ ላለው አቤቱታ ቅጽ እንዳልተዘጋጀ በመስኮት ቁጥር ሦስት ስለተነገረኝ፣ በባዶ ወረቀት ለመጻፌ ይቅርታዎን እጠይቃለሁ።

1. ጽሕፈት ቤቱ ያሳተመውን የሊጉን ታሪክ ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ሊጉ በስምንት የመሥሪያ ቤት ክለቦችና በሁለት ኳሶች መጀመሩ፣ አንደኛው ኳስ ወንዝ ገብቶ ውድድሩ ለሁለት ሳምንት መቋረጡ በሚገባ ተጽፏል። የሊጉ ስም አራት ጊዜ እንደተቀየረም ተጽፏል፤ የተጫዋቾች መታጠቢያ ቤታችን በዚያው ዘመን አንድ ጊዜም አለመጠገኑ ግን ተዘልሏል። የሊጉ ሚና ለላይኛው ሊግ ተጫዋች ማፍራት ነው ይላል። እውነት ነው፤ ግን ግማሹ ነው። እኛ ከላይ የወደቀውንም እንቀበላለን። የወረደ ክለብ የመጀመሪያውን ወር ሻንጣውን ሳይፈታ፣ እንግዳ ነኝ እያለ ይጫወታል። በሁለተኛው ዓመት እንደ እኛው በአንድ ባልዲ ውሃ ለአሥራ አንድ ይታጠባል። ጉልበቱ ያለቀ አጥቂም፣ የተባረረ አሰልጣኝም የሚያርፈው እኛ ጋ ነው። ይህን የምለው ለሊጉ ያለኝን ፍቅር እንዲያውቁልኝ እንጂ ደራሲውን ለማስተማር አይደለም።

2. በገጽ 38 በእኛ ሜዳ ከተመቱት ስድሳ ሦስት ፍጹም ቅጣት ምቶች ስድሳ አንዱ ግብ እንደሆኑና ይህም በሊጉ ታሪክ ተወዳዳሪ እንደሌለው ተገልጿል። ደራሲው ምክንያቱን “የሜዳው ምቹ አየርና የደጋፊው ሞራል” ብለውታል። ክቡር ኃላፊ፣ አየራችን የፋብሪካው ቀለም ጭስ ነው። ደጋፊያችን ደግሞ ተረኛ ሥራ ላይ ነው። ምክንያቱ ሌላ ነው፤ ወደ እሱ እመጣለሁ።

3. ማስመር ያስተማሩኝ ከእኔ በፊት የነበሩት ሽማግሌ ናቸው። በር ሲገቡ ጎንበስ የሚሉ ረጅም ሰው ነበሩ። ትልቁንና ትንሹን ሣጥን ቋጠሮ ባለው ገመድ ለክተው ያሰምራሉ። የፍጹም ቅጣት ምቷን ነጥብ ግን፣ ለአንዲት ነጥብ ብሎ ገመድ የሚጎትት ሰነፍ ነው እያሉ፣ ከግቡ መስመር ተነስተው አሥራ አንድ ጊዜ ይራመዱና ኖራውን ጠብ ያደርጋሉ። አንድ እርምጃ አንድ ሜትር ማለት ነው። ጡረታ ሲወጡ ባልዲውን፣ ገመዱንና አሥራ አንዱን እርምጃ አስረከቡኝ። እግራቸውን ግን ይዘውት ሄዱ። ክቡርነትዎ አይተውኝ ስለማያውቁ ልናገረው፤ እኔ አጭር ነኝ።

4. በየዓመቱ ከጽሕፈት ቤቱ ታዛቢ ይመጣል። መረቡን ይጎትታል፣ ቃሬዛውን ያያል፣ “የነጥቡ ርቀት” በሚለው ቦታ “ተስማሚ” ብሎ ይፈርማል። ሜትር ይዞ የመጣ አላጋጠመኝም፤ ከእኔም ሊዋስ የጠየቀ አልነበረም፤ ቢጠይቅም የለኝም። ዘንድሮ ግን ልጄ የምትሆን ወጣት ታዛቢ መጣች። ለካች። ደግማ ለካች። ዘጠኝ ሜትር ከአርባ። አባባ፣ ይቺን ነጥብ በምንድነው የለኳት አለችኝ። በእግሬ አልኳት። እግሬን አየት አደረገችና፣ የጨዋ ልጅ ናት፣ ሳትስቅ “ይስተካከል” ብላ ጽፋ ሄደች።

ከዚህ በኋላ ያለው በቁጥር አልከፋፈል ስላለኝ እንዲሁ እጽፈዋለሁ።

በመጀመሪያ ራሴን አጽናናሁ። ሁለቱም ቡድን የሚመታው ከዚያችው ነጥብ ነው፤ የተጎዳ የለም አልኩ። ይህ ክርክር ከሜዳው እስከ ቤቴ በር ድረስ አደረሰኝ። በሩ ላይ የውሃ ቆጣሪ አለ። የሰፈሩን ቆጣሪ የሚያነበው የታናሽ እህቴ ባል ነው። የእኔን የሚያነበው ሜዳ መሆኔን አረጋግጦ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ደጄን እንጂ ቤቴን ረግጦ አያውቅም። ቆጣሪውን ሳይ ወሽመጤ ቁርጥ አለ።

ይህ ሰው የውሃ ክፍል ክለብ ግብ ጠባቂ ነበር። ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት በዓመቱ መጨረሻ ጨዋታ በእኛ ሜዳ ተገናኘን። እነሱ እኩል ከወጡ ወደ ላይኛው ሊግ ያድጋሉ፤ እኛ የምናድገው ካሸነፍን ነው። ከላይኛው ሊግ አንድ ሰው ማስታወሻ ደብተር ይዞ፣ እሱን ብቻ ሊያይ መጥቶ ጥላ ሥር ተቀምጧል። እህቴ የሰባት ወር እርጉዝ ሆና የእኔን የኖራ ባልዲ ገልብጣ ተቀምጣበታለች። ባዶ ለባዶ ነን። በሰማንያ ሰባተኛው ደቂቃ ፍጹም ቅጣት ምት አገኘን። ወደ ትክክለኛው ጎን ነው የዘለለው። እጁ የደረሰው ኳሱ አሁን ካለፈበት ቦታ ነው።

ተነስቶ ለዳኛው፣ ለአሰልጣኙና ደብተር ለያዘው ሰው አንድ ነገር ብቻ ተናገረ፤ ኳሱ ቀድሞኝ መጣ አለ። ሰውዬው ደብተሩን አጥፎ አውቶቡስ ሊይዝ ሄደ። እኛ አደግን። በአሥራ አንድ ወራችንም ተመልሰን ወረድን።

በማግስቱ በፋብሪካው ሻይ ቤት የእሱን አዘላለል እያስመሰልኩ ሰው አሳቅሁ። “ቀድሞኝ” የሚለውን ስም ያወጣሁለት እኔ ነኝ። ስሙ ከእኔ አፍ ወጥቶ ሰፈሩን ሞላው። የመሥሪያ ቤቱ ዘበኛ ቀድሞኝ ይለዋል፣ ባለሱቁ ቀድሞኝ ይለዋል፣ ያኔ በሆድ የነበረው የእህቴ ልጅ ትምህርት ቤት ሲገባ “የቀድሞኝ ልጅ” ተባለ። ጓንቱን አወለቀ፤ ኳስ ሜዳ ባለበት መንገድ እንኳ አያልፍም። ይህን ሁሉ ዓመት ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ ቀልድ የማይችል ሰው ነው እያልኩ አማሁት። አሁን ደግሞ መጽሐፉ በገጽ 41፣ “በቅጽል ስሙ ቀድሞኝ የሚባለው ግብ ጠባቂ በትኩረት ማነስ ቀላል ኳስ አሳልፎ ክለቡን ከማደግ አስቀርቷል” አለ። ትኩረት አላነሰውም። እውነቱን ነበር የተናገረው። ኳሱ አንድ ሜትር ከስድሳ ቀድሞት ነው የመጣው።

ለምን ራስህ ሄደህ አትነግረውም ይሉኝ ይሆናል። ሁለት ጊዜ ደጃፉ ደርሼ ተመልሻለሁ። እህቴን አማከርኳት። ከአንተ አፍ የሚወጣ ሁሉ ለእሱ ሹፈት ነው፣ ማኅተም ያለበት ወረቀት ከሆነ ግን ያነበዋል አለችኝ። ስለዚህ ማኅተም ፍለጋ ወደ እናንተ መጣሁ፤ እግሬ እስኪቀጥን ተመላለስኩ። ታሪክ ክፍል ኮሚቴው ስለተበተነ ታሪኩ ተዘግቷል አለኝ። ሜዳ ክፍል ነጥቡ ስለተስተካከለ ጉዳይ የለህም አለኝ። ዲሲፕሊን ክፍል ቅጡኝ ስለው፣ አምስት ዓመት ያለፈው ጥፋት አይታይም፣ ነፃ ነህ ብሎ አሰናበተኝ። እንዲህ ተከፍቶ የወጣ ነፃ ሰው ከእኔ በቀር አይተው እንደማያውቁ ዘበኛችሁ ነግረውኛል።

ስለዚህ መጽሐፉ ለበዓሉ ለሁለተኛ ጊዜ ሊታተም መሆኑን ስለሰማሁ፦

ሀ. ከገጽ 41 ያ ዓረፍተ ነገር ወጥቶ፣ በምትኩ “የፍጹም ቅጣት ምቱ ነጥብ በመስመር አስማሪው ስህተት አንድ ሜትር ከስድሳ ወደ ግቡ ቀርቦ ነበር፤ ግብ ጠባቂው ኳሱ ቀደመኝ ያለው እውነቱን ነው” ተብሎ እንዲጻፍ፤

ለ. በገጽ 38 ስለ አየሩ የተባለው እንዲሰረዝ፤ ምክንያት መጻፍ ካስፈለገ ቁመቴ እንዲጻፍ፤

ሐ. በበዓሉ ቀን ለግብ ጠባቂው ከነባር ተጫዋቾች ጋር ወንበር እንዲሰጠው እጠይቃለሁ። ለእኔ ወንበር አያስፈልግም፤ የዚያን ቀን የማሰምረው እኔ ነኝ፣ በሜትር።

ውጤቱ ይሰረዝ አላልኩም። እሱን እንደሆነ የላይኛው ሊግ ራሱ ሰርዞልናል።

አባሪ፦ የታዛቢዋ ቅጽ ቅጂ አንድ ገጽ፤ በፋብሪካው ዘበኛ ፊት አሥራ አንድ ጊዜ ተራምጄ ልኩ ላይ የተቆረጠ ሲባጎ፤ የግብ ጠባቂው ስም የተጻፈበት አንድ ወረቀት።

ከእፍረትና ከሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ክለብ መስመር አስማሪ

ግልባጭ፦
ለውሃ ክፍል ቆጣሪ አንባቢ፣ ለታናሽ እህቴ ባል

(ይህ ግልባጭ በእኔ እጅ ከሄደ ስለማይከፈት፣ በመሥሪያ ቤቱ ፖስታ ማኅተም ተመቶበት እንዲላክልኝ በትሕትና እለምናለሁ። ሌላው ጥያቄዬ ሁሉ ቢቀር ይህ አይቅርብኝ። ፖስታው ላይ በሙሉ ስሙ ይጻፍልኝ። ከሃያ ሁለት ዓመት በኋላ የአባቱን ስም ስለዘነጋሁት፣ ከእህቴ ጠይቄ ነው ያያያዝኩት።)