ለአስቴር የነገርካት ሕመም

ታደሰ ሆዴ፣

እንደምን አለህ አልልህም፤ ያለህበትን አውቀዋለሁ። ከተለየኸኝ ዘጠኝ ወር ሆነ። ቤቱ ደህና ነው። የጓዳውን ቆርቆሮ ነፋስ ገንጥሎት ነበር፣ ወንድሜ መታልኝ። ጨውና አቡጀዲ ይዤ ከጂንካ አልዱባ ገበያ የምወርደው አሁን እኔ ነኝ። ይህን ስትሰማ እንደምትደነግጥ አውቃለሁ፤ አልዱባ ማን እንዳለች ሁለታችንም እናውቃለን።

አስቴርን ገና ስሟን ስትጠራልኝ ነው የጠላኋት። ከገበያ እስከ ገበያ ጨውህን የምታሳድርበት ቤት የእሷ መሆኑን በየዋህነት ነገርከኝ። ባሏ የሞተባትና ጥርሷ የሚያምር መሆኑን ግን ከሌላ ሰው ነው የሰማሁት። ቀናተኛ መሆኔን ስታገባኝም ታውቅ ነበር። ገና ሙሽራ ሳለሁ፣ አቡጀዲ ሲገዙ የሚስቁልህን ሴቶች እንድጠብቅ በርጩማ አምጥተህ ከጎንህ አስቀምጠኸኝ የለም?

በኋላ መውጣት መግባት አበዛህ። ከአንድ የቀበሌ ስብሰባ ሦስት አራት ጊዜ ተነስተህ ትወጣለህ። ጓድ ሊቀመንበሩ በፖለቲካ ጠረጠረህ፤ እኔ በሴት ጠረጠርኩህ። አንድ ቀን ጓሮ ቆመህ አየሁህ። ግንባርህን አጥሩ ላይ አስደግፈህ ታምጣለህ፤ የሚወርደው ሽንት ጠብ ጠብ ብቻ ነው። ሌላ ሚስት ብትሆን ታዝንልህ ነበር። እኔ ግን «ይሄ ጨብጥ ነው፤ ከማን እንዳመጣኸው አውቃለሁ» አልኩህ።

አልተቆጣህም። እጅህን ይዤ መርፌ ወጊው ዘንድ ስወስድህ ተከተልከኝ። ለሌለብህ በሽታ፣ ለእኔ ብለህ፣ ሦስት ቀን ፔኒሲሊን ተወጋህ። በአራተኛው ቀን ዳንኩ አልከኝ። አመንኩህ፤ ማመን ፈልጌ ነበር። ከዚያ በኋላ ውሃ መጠጣት ስትቀንስ፣ ረጅም መንገድ ስትፈራ፣ እርጅና ነው ብዬ አለፍኩት።

ሁለት ዓመት እንዲሁ ሄደ። ሽንትህ ጨርሶ ተዘግቶ ሆድህ እንደ ከበሮ ሲነፋ በጭነት መኪና አርባ ምንጭ ወሰድንህ። ሐኪሙ በቀጭን ቱቦ ሽንትህን ካወጣልህ በኋላ ቁጭ አድርጎ አስረዳኝ። ከወንድ ልጅ ፊኛ ሥር ፕሮስቴት የሚባል እጢ አለ አለኝ። ዕድሜ ሲገፋ በራሱ በወንዱ ሆርሞን እያደገ ሄዶ የሽንቱን መውጫ ያንቀዋል። ካንሰር አይደለም፣ ብርድም አያመጣውም፣ ከሴትም አይመጣም። በጊዜ ብትመጡ ኖሮ በቀዶ ሕክምና ይወጣለት ነበር፤ አሁን ግን ሽንቱ ወደ ላይ እየተመለሰ ኩላሊቶቹን ጎድቷቸዋል፣ ቀዶውን አይችልም አለኝ።

ሆዴ፣ ኃጢአቴን ልንገርህ። ከዚያ ሁሉ ንግግር መጀመሪያ ጆሮዬ የገባው «ከሴትም አይመጣም» የሚለው ነው። ደስ አለኝ። ይድናል ወይ ብዬ ሳልጠይቅ በፊት ደስ አለኝ።

ለቅሶህ ላይ አስቴር መጣች። አባቷ በዚሁ ሕመም ተሠቃይቶ በቀዶ ሕክምና እንደዳነ፣ አንተንም ሂድና ታከም እያለች ስትለምንህ እንደኖረች እያለቀሰች ነገረችኝ። የእኔ እንባ ቀጥ አለ። ከእሷ ጋር ተኝተህ ቢሆን ይሻለኝ ነበር ብልህ ታምነኛለህ? ሠላሳ ዓመት አብሬህ ኖሬ ሕመምህን የነገርከው ለእሷ ነው።

አሁን እኔም ጨዌን እሷው ቤት ነው የማሳድረው። ሰው ይገርመዋል። እኔ የማላውቀውን አንተን እሷ ታውቀዋለች፤ በየገበያው ጥቂት ጥቂት እየጠየቅኩ እወስድባታለሁ። ባለፈው ሳምንት፣ ለምን ለሚስትህ አትነግራትም ብላ ጠይቃህ እንደነበር አጫወተችኝ። የመለስክላት እንዲህ ብለህ ነው አሉ፦ «ዳንኩ ያልኳት ዕለት እንቅልፍ ወሰዳት። ከዚያ በፊት ስንት ሳምንት ዓይኗን አልከደነችም ነበር።»

ይህንንም የነገርከው ለእሷ ነው። እስከ ጂንካ ድረስ መኪናው ላይ አለቀስኩ፣ ደግሞም ቀናሁ።

አስታውስሃለሁ፣ ታደሰ። እሷም ታስታውስህ፣ አልከለክላትም፤ ከእኔ ግን አትበልጥም። አንተ ወዳለህበት እስክመጣ ድረስ አንድ ቀን አልረሳህም። እዚያ ሕመም የለም ይላሉ። ካለ ግን መጀመሪያ ለእኔ ንገረኝ። አልቆጣህም።

ሚስትህ ወርቅነሽ