ሦስተኛ ፎቅ የደረሰው ውኃ

ደባርቅ፣ ታኅሣሥ ፲፬ ቀን ፳፻፲፰ ዓ.ም.

ለልጄ ለአምሳል፤

ይህን ሁሉ ያመጣብኝ ምሥጋናው ነው። ከሰላምታው በፊት የባልሽን ስም የጻፍሁት ንዴቱ ስለቀደመኝ ነው። በማታ ትምህርት ፊደል ያስቆጠረኝ ራሱ ስለሆነ ስሙን አሳምሬ መጻፍ አያቅተኝም።

እንዴት ሰነበትሽ? እኔ ደኅና ነኝ፤ ጉልበቴ ብቻ በዚህ ውርጭ ደረጃ አልወጣም ይለኛል። ልጅሽ ሲሲም ደኅና ናት። ሦስተኛ ክፍል ገብታለች፤ ስትሄጂ የተነቀሉት የፊት ጥርሶቿ በቅለው አሁን ለፊቷ ትልቅ ሆነዋል። ይህን ደብዳቤ ቡና ሊጭን ጅማ የሚወርደው ልደቱ በእጅሽ ይሰጥሻል። በስልክ ያልነገርሁሽ ለምን እንደሆነ ወደ ታች ታገኚዋለሽ። ቁጭ ማለት ካቃተኝ ሰንብቷል። ሁለት መስመር ጽፌ እነሣለሁ፤ በር ድረስ ሄጄ ቧንቧውን አዳምጬ እመለሳለሁ። ነገሩ ቢቆራረጥብሽ ታገሺኝ።

የብሎካችንን ውኃ አልረሳሽውም። ለሁላችን አንድ ቆጣሪ፣ ለሁላችን አንድ ቧንቧ ነበረን። ውኃው በፈረቃ ሲመጣ ጉልበት ስለሌለው ከምድር ቤት አያልፍም። ስለዚህ የኛ የምድር ቤቶች በር ክፍት ይውላል፤ ፎቅ ላይ ያለው ሁሉ ጀሪካኑን ይዞ ወርዶ ከኛ ይቀዳል። ሒሳቡ በሰው ቁጥር ይካፈላል። ሁለተኛ ፎቅ ያለችው ሠርካለም ቤቷ ውስጥ ስድስት ነፍስ አለ፤ ሒሳብ ሲመጣ ግን ሦስት ይሆናሉ። "የቀሩት እንግዶች ናቸው" ትላለች። እንግዶቹ እዚሁ ተምረው እዚሁ ጢም አብቅለዋል።

አንቺ ከሦስተኛ ፎቅ ቤትሽ ስትወጪ ያልሽኝ "እማዬ፣ ውኃ እየተሸከምሁ በዚህ ደረጃ ላይ አላረጅም" ነው። ሌላም ነገር እንዳለ አላጣሁትም፤ በአፍሽ የተናገርሽው ግን እሱን ነው። ከሄድሽ በኋላ ሲሲ "እናቴ መቼ ነው የምትመጣው?" እያለች ስታስጨንቀኝ እኔም ያንኑ ቃልሽን አነሣሁላት። "ውኃው ሦስተኛ ፎቅ የደረሰ ዕለት ትመጣለች" አልኋት። እንደዚያ ያልሁት ውኃው መቼም እንደማይደርስ ስለማውቅ ነው። ልጅቷ ግን ያዘችው። ከዚያ ወዲያ አልጠየቀችኝም። ጠዋት ጠዋት ትንሿን ቢጫ ጀሪካን ይዛ ስትወርድ፣ እስኪሞላላት ድረስ ቀና ብላ ቧንቧው በግድግዳው ላይ የሚያልቅበትን ቦታ ታያለች። እኔም ጸጉሯን አስተካክልላታለሁ። ቀኔ የሚጀምረው በዚያ ነበር።

ምሥጋናው ይህን አፈረሰው። የነዋሪው ኮሚቴ ሰብሳቢ ሆነና ለየቤቱ ቆጣሪ ይግባ ብሎ ተነሣ። ግቢው ውስጥ ሰበሰበን።

"ሁሉም የተጠቀመበትን ይክፈል፤ ጠቡም በዚሁ ያበቃል" አለ።

"እኔ የጠጣሁትን ከፍያለሁ፤ የታጠብሁበትን ነው የማልከፍለው" አለች ሠርካለም።

"ታጥበሽስ ታውቂያለሽ?" አለ አንዱ ከኋላ፤ ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እሷም ሳቀች።

እኔ ተነሥቼ "ለምን አስፈለገ? ውኃ ሊቀዳ የሚወርድ ሰው ደኅና አደርሽ ይለኛል" አልሁ።

"እማማ፣ ከእንግዲህ ሳይቀዱም ደኅና አደሩ ይሉዎታል" አለኝ ምሥጋናው። ውሸቱን ነው። ውኃው ፎቅ ከወጣ ወዲህ ማንም ብሎኝ አያውቅም።

እንግዳው የሚባል የዳባት ቧንቧ ሠራተኛ መጥቶ ሠራው። ግቢው ውስጥ ታንከር ተተከለ፤ ውኃውን ወደ ላይ የሚገፋ ፓምፕ ተገጠመ። ከኔ በር አጠገብ በብረት ሳጥን ውስጥ ቆጣሪዎቹ ተደረደሩ፤ ከእያንዳንዱ ጎን መዝጊያ አለ፤ ከዚያ ለየቤቱ ቀጭን ቧንቧ በግድግዳው ይወጣል። "ከቤት የማይጠፉ እርስዎ ነዎት" ብለው የሳጥኑን ቁልፍ ለኔ ሰጡኝ፤ በማተቤ ላይ አንጠለጠልሁት። ምሥጋናው ደግሞ ቤቱ ውስጥ አዲስ ነጭ የእጅ መታጠቢያ አስገጠመ። ለማን ነው ብዬ ጠየቅሁት። "ለቤቱ" አለኝ።

ውኃው ሦስተኛ ፎቅ የደረሰ ዕለት ሲሲ ደረጃውን እየዘለለች ወረደች። "እማማ፣ ደረሰ" አለችኝ። ሌላ አልጨመረችም። ወጥታ ቤቱን ጠረገች፤ የትምህርት ቤት ልብሷን በዚያው ውኃ አጥባ መስኮት ላይ ሰቀለች፤ ከዚያ ከዳባት በኩል የሚመጣውን መንገድ ወደሚያሳየው መስኮት ወንበር ስባ ተቀመጠች። ሚኒባስ ሲቆም ትነሣለች፤ ሲሄድ ትቀመጣለች። ቅዳሜ እንዲህ ዋለች፤ እሑድም ከቅዳሴ እንደተመለሰች ወደዚያው ወንበር ሄደች። ከታች ሆኜ ግንባሯን በመስተዋቱ ላይ አየዋለሁ። የምይዘው የምጨብጠው ጠፋኝ።

ደወልሁልሽ። ስልክሽን ያነሣው ሰው ድምፁ የጨዋ ነው። "ገላዋን እየታጠበች ነው፤ ስትወጣ ትደውልልዎ? ማን ልበላት?" አለኝ። ማንም አትበላት ብዬ ዘጋሁት። የደወለው ማን እንደሆነ ስልክሽ ይነግርሻል፤ አንቺም መልሰሽ አልደወልሽም።

ሰኞ ጠዋት ሲሲ ትምህርት ቤት ስትሄድ ሳጥኑን ከፈትሁና የምሥጋናውን ቤት መዝጊያ አዙሬ ዘጋሁት።

ምን ላድርግ? ውኃው ደርሶ አንቺ ካልመጣሽ ለልጅቷ ምን እላታለሁ? ከትምህርት ቤት ስትመለስ "እማማ፣ ውኃው ጠፋ" እያለች ጀሪካኗን ይዛ መጣች። "እንግዲህ ገና አልተስተካከለም ማለት ነው" አልኋት። ፊቷ እንዴት እንደተፈታ ብታዪው ታለቅሺ ነበር። እናቷ የቀረችበትን ምክንያት መልሳ አገኘች። ቀዳችና ወጣች፤ ወንበሩም ከመስኮቱ ተነሣ።

ምሥጋናው እንግዳውን ይጠራዋል። የእንግዳውን ድምፅ ከግቢው በር ስሰማ መዝጊያውን እከፍታለሁ፤ ሠርቶ ሲሄድ እዘጋለሁ። ሰውዬው ሊያብድ ደረሰ።

"እማማ ሸጊቱ፣ ይህ ቧንቧ እኔን ሲያይ ይሠራል፤ ስሄድ ይተኛል" አለኝ።

"አንተስ አሠሪህ ሲሄድ ትተኛ የለም?" አልሁት።

"ከዳባት ድረስ የተመላለስሁበትንስ ማን ይከፍለኛል?" አለ።

"ቧንቧውን ጠይቀው።"

ቀልዱ እዚያ ላይ አበቃ። የውኃው ሒሳብ ለብሎኩ በአንድ ይመጣል፤ ኮሚቴው ቆጣሪዎቹን አንብቦ ለየቤቱ ይከፋፍላል። ሲነበብ የምሥጋናው ቆጣሪ ካለበት እምብዛም አልተነቃነቀም፤ ብቻዬን የምኖረው የኔ ግን ከሁሉ በልጧል። ሲሲ ጠዋትና ማታ ከኔ ስትቀዳ ሰው ሁሉ ያያል። ግቢው ውስጥ ቆመን ሠርካለም ጀመረች።

"መምህር፣ ሁሉም የተጠቀመበትን ይክፈል ያልኸን አንተ ነህ። አንተ ግን የራስህን ዘግተህ የአማትህን ትጠጣለህ? ሚስትህ ጥላህ ብትሄድ እናቷን ነው የምታስከፍላት?"

ማንም አልሳቀም። እኔ ቁልፉን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ቆሜያለሁ። ምሥጋናው ሳጥኑን አየ፤ ቁልፉን አየ፤ ከዚያ እኔን አየኝ። ያን ጊዜ እንዳወቀ አወቅሁ። አሁን ይናገራል አልሁ በልቤ።

"ልክ ናችሁ። የዘጋሁት እኔ ነኝ፤ የእማማንም ሒሳብ እኔ እከፍላለሁ" አለ።

ከሰብሳቢነቱ አወረዱት። ተማሪዎቹ ሳይቀሩ በመስኮት እያዩት፣ በልጆቻቸው ደብተር ላይ ስሕተት የሚያርምላቸው ሰው አንገቱን ደፍቶ ወጣ። ሠርካለም ማታውን ሽሮ ይዛልኝ መጣች። "እትዬ፣ እግዚአብሔር ይየው፤ እንዲህ ያለ አማች" እያለች አጽናናችኝ። ሽሮውን ተቀበልሁ። በላሁትም።

ለዚህ ነው ጥፋተኛው እሱ ነው የምልሽ። ቢያዋርደኝ እመልስለት ነበር፤ ቢሰድበኝም አንቺን ለሦስት ዓመት ስከላከል ያጠራቀምሁት ስድብ ሞልቶኛል። እሱ ግን በሰው ፊት ሸፈነኝ። ይህን ምን አደርገዋለሁ?

በማግሥቱ ከሥራ ሲመለስ በሬን አንኳኳ። ግባ ሳልለው ደፉ ላይ ቆመ።

"እማማ፣ ለምን?" አለኝ።

ለሲሲ ያልኋትን ነገርሁት። ውኃው ሲደርስ እናትሽ ትመጣለች ማለቴን፣ ልጅቷ መስኮት ላይ መዋሏን፣ ሁሉን። ስልክ ስላነሣው ሰውዬ ግን አልነገርሁትም።

"አውቃለሁ። ሲሲ ገና ድሮ ነግራኛለች" አለኝ።

"ታዲያ እያወቅህ ምን አሰብህ?"

"ቧንቧውን አስገባሁ።"

አምሳል፣ ይህን ሲለኝ ያንን ነጭ መታጠቢያ አስታወስሁት። ያ ሁሉ ስብሰባ፣ ያ ሁሉ ማመልከቻ፣ በየቢሮው ደጅ መጥናቱ ለሠርካለም የሒሳብ ጠብ ይመስለኝ ነበር። ትልቅ ሰው፣ መምህር፣ ለልጅ የነገርሁትን ነገር ከልጅቷ ጋር አምኖ ይዞት ኖሯል። ጀርባዬን ሰጥቼው ብርጭቆ አጠብሁ፤ ንጹሕ ብርጭቆ ነበር።

"ይክፈቱት" አለኝ።

"ከከፈትሁት ትጠብቃለች።"

"ቢዘጉትም ትጠብቃለች፤ ልዩነቱ ደረጃ መውጣቷ ነው" አለኝ። ቁልፉን አውልቄ ዘረጋሁለት። "እርስዎ ዘንድ ይሁን" ብሎ ሄደ። ነጥቆኝ ቢሄድ ይሻለኝ ነበር።

ዛሬ ጠዋት ሳጥኑን ከፍቼ መዝጊያውን ለቀቅሁት። ውኃው በቀጭኗ ቧንቧ ውስጥ እየተንጫጫ ሲወጣ ጆሮዬን ግድግዳው ላይ አድርጌ ተከተልሁት። ጥቂት ቆይታ ሲሲ ወረደች፤ ጀሪካን አልያዘችም።

"እማማ፣ ውኃው መጣ።"

"ሰማሁት።"

"እንደገና ይጠፋል?"

"አይጠፋም" አልኋት።

ቆመች። ምን እንደምትጠብቅ አውቃለሁ። መንገዱ ተዘግቶ ነው ልላት አፌን ከፍቼ ነበር፤ ይህም ያው መዝጊያ ነው ብዬ ተውሁት። "ለእናትሽ ልጽፍላት ነው" አልኋት። "ምን ብለሽ?" አለችኝ። እሷ ትምህርት ቤት ስትሄድ ይህን መጻፍ ጀመርሁ። አሁን ልትመለስ ነው፤ ስለዚህ ላሳጥረው።

የምትመጪ ከሆነ ቀኑን ቁረጪና ጻፊ። የማትመጪ ከሆነ ይህንኑ ለልጅሽ በእጅሽ ጻፊላት፤ ማንበብ ታውቃለች፤ በኔ አፍ ከምትሰማው ይሻላታል። ለምሥጋናውም እንደዚሁ አድርጊለት፤ ሰው ነው። ስልክሽን ያነሣውን ሰውዬ የክርስትና ስም ለኔ ላኪልኝ። ስጸልይልሽ ብቻዋን ናት እያልሁ እግዚአብሔርን ማታለል አልወድም።

ያለሽበት አገር ይመችሽ። የምትጠጪው ውኃ ጤና ይሁንሽ፤ ደጅሽን የሚያንኳኳ ሁሉ ደግ ሰው ይሁን። ተቆጥቼ መጻፌን እንጂ ረግሜሽ እንዳላውቅ እወቂ፤ የወለደችሽ እናትሽ ቤተ ክርስቲያን ስትሳለም አንቺን ሳትጠራ የተመለሰችበት ቀን የለም።

እኔ ከእንግዲህ ያንን መዝጊያ አልነካም። ሲሲንም እናትሽ ትመጣለች አልላትም።

እናትሽ ሸጊቱ