ኮፍያዬን የደፋሁበት መብራት

ሰኞ፣ መስከረም 19

መኪናዋ ቆመች። የሽንፋ መንገድ ላይ፣ ጥቁሩ የዋልካ ጭቃ መሀል፣ የሐጂ ኢድሪስ እርሻ ካምፕ ልንደርስ ትንሽ ሲቀረን። ስድስት ሰዓት ገደማ ነው። መጀመሪያ አንገራገጨች፣ ከዚያ ጉልበቷ ጠፋ፣ ከዚያ ዝም። ልጄ ስንታየሁ ከጎኔ ናት፣ ሐጂ ከኋላ ናቸው። ሐጂ "ምነው ደሴ፣ ተኛች እንዴ?" አሉ። ቁልፉን ደግሜ አዞርኩ።

በእግር ካምፑ ድረስ መጣን። አሁን ዳሱ ስር ሆኜ ነው የምጽፍ። ስንታየሁ ስልክ የሚይዝበት ቦታ ፍለጋ ሄዳለች። ሳትመለስ ልጻፈው።

መኪናዋ የእኛ አይደለችም። ስንታየሁ መኪና ሻጭ ድርጅት ተቀጥራ ገና የሙከራ ጊዜዋ ነው። ይህቺ አዲስ ፎርዊል ሌላ አገር አሸዋውንም ድንጋዩንም አትፈራም ይላሉ፣ እኛ ቆላ ግን የሚገዛት ጠፋ። ለምን እንደሆነ ጠይቀሽ ጻፊ ብለው ልጄን ከነመኪናዋ ላኳት። እኔ መንገዱን ስለማውቅ እነዳለሁ። ሃያ ዓመት አብደራፊ ትራክተር ላይ የኖርኩ ሰው ነኝ። ሐጂ ደግሞ መኪና ሊገዙ ያስባሉ። ሐጂ ከገዙ ሌላው ይከተላል።

ስንታየሁ የመጀመሪያው ቀን ያስጠነቀቀችኝ፦
1. ናፍጣ ከማደያ ብቻ።
2. ቢጫ መብራት ከበራ ወዲያው ማቆም።
3. ያልገባኝን መጠየቅ።

እኔ ያደረግኩት፦
1. ማደያው ናፍጣ ከጨረሰ ሰነበተ። ትናንት መንገድ ዳር በጀሪካን ከሚቸረችር ሰው ገዛሁ። ነጠላዬን ሁለት አጥፌ አጠለልኩት፣ ለትራክተሩ ስናደርገው እንደኖርነው። ሐጂ ፊት ናፍጣ አለቀብኝ ብላ እንዳታፍር ብዬ ነበር። አልነገርኳትም።
2. ዛሬ ከከተማችን ከገንዳ ውሃ ወጥተን ብዙ ሳንሄድ ቢጫው በራ። እኛ አሮጌዎቹ መኪኖች ላይ መብራት ያልበራበት ቀን የለም፣ ፕላስተር ለጥፈንበት እንሄዳለን። ኮፍያዬን አወለቅኩና ከመሪው ኋላ መብራቱ ላይ ደፋሁት።
3. አልጠየቅኩም።

ኮፍያዬን ሳወልቅ ስንታየሁ "አባዬ፣ ሞቀዎት?" አለችኝ። የራሷን ውሃ ሰጠችኝ። ጠጣሁት።

ማክሰኞ፣ መስከረም 20

ሐጂ ሽማግሌውን አስመጡ። ሽማግሌው ማለት አሮጌ ፒካፓቸው ነው። በሩ በሽቦ የታሰረ፣ ታንከሩ ሲያፈስ በሳሙና የተደፈነ። ዕድሜው ከስንታየሁ ይበልጣል።

አዲሷ ግን ስትጎተትም አስቸገረች። ዋልካው ጎማዋና የጭቃ መከላከያ ፓራፋንጎዋ መሀል ገብቶ ተጠቅጥቋል፣ ጎማው አልዞር አለ። ሰሊጥ ሊያጭዱ የወረዱ የጎጃም ልጆች በማጭድ እየፋቁ አወጡልን። አንዱ ላቡን እየጠረገ ሙሽሪት ጭቃ አትወድም አለ። ከዚያ በኋላ ስሟ ሙሽሪት ሆኖ ቀረ። ገንዳ ውሃ ስንደርስ ወሬው ቀድሞናል፣ ባለ ባጃጆቹ ለሰርግ እንደሚነፉት ጥሩምባ እየነፉ አጀቡን። መሪው እኔ ጋ ነው። አንገቴን ቀብሬ ገባሁ። ስንታየሁ ከጎኔ ሆና ትስቃለች፣ በከንፈሯ ብቻ።

መካኒክ ሰይፉ ኮፈኑን ከፍቶ ብዙ ቆየ። ከላይ ጥቁር ፕላስቲክ ነው የሚታየው።

"ጋሽ ደሴ፣ ሞተሩን የት አደረጋችሁት?"

ከዚያ ይህቺ በኮምፒውተር ነው እንጂ በመፍቻ አትናገርም ብሎ ቀስ አድርጎ ዘጋው። ሬሳ እንደሚሸፍን ሰው።

ከሰዓት ስንታየሁ ለአለቃዋ ስትደውል ጓዳ ሆኜ ሰማሁ። ስለ ናፍጣው ጠየቋት መሰለኝ።

"ከማደያ ብቻ ነው። የነዱት አባቴ ናቸው፣ በእሳቸው እምላለሁ" አለች።

በእኔ ማለች።

ምግብ አልወርድ አለኝ። ባለቤቴ ያልጋነሽ ወባ ነው ብላ ግንባሬን ዳሰሰችኝ። ወባ ቢሆን ደስ ባለኝ።

ረቡዕ፣ መስከረም 21

ስንታየሁ ድርጅቱ ባለሙያ እስኪልክ ቁጭ ብዬ ከምጠብቅ ሥራዬን ልሥራ አለች። ሰዉ ለምን እንደማይገዛት አብረን እንጠይቅ፣ እርስዎን ያምናሉ አለችኝ። ያምኑኛል። ሄድን። እሷ በስልኳ፣ እኔ በደብተሬ ጻፍን፦

1. ዕቃ። ለሽማግሌው የሚሆን የናፍጣ ማጣሪያ ፊልትሮ ሐጂ ከተማ ባላቸው ሱቅ ከስኳሩ ጎን ተሰቅሏል። የሙሽሪት ግን ያለው አዲስ አበባ ነው፣ እዚያ ከጠፋ ባሕር ማዶ። ሰሊጥ ደግሞ አይጠብቅም፣ ደርሶ ካልታጨደ ይረግፋል።
2. መካኒክ። ሰይፉ ሞተሩን አላገኘውም።
3. ዋልካ። ያየነው ነው።
4. ጭነት። ውስጧ ወንበር በወንበር ነው። ሐጂ "ልጄ፣ ሰሊጡን ቀበቶ አስሬ ላስቀምጠው?" አሏት።
5. መልሶ መሸጥ። ሽማግሌውን ጠዋት ልሽጥ ቢሉ እስከ ምሳ ሰው ይሻማበታል። ሙሽሪትን ካገለገለች በኋላ የገዛ ሰው የታየ የለም።
6. ጎረቤት። ማንም የሌለውን መኪና ይዘህ በረሃ ብትቆም ጎማ ማንሻ ክሪክ እንኳ የሚያውስህ የለም።

ሁሉም እውነት ነው። ግን ከሁሉም በላይ ጮኼ ያወራሁት እኔ ነኝ። ለሐጂም፣ ለሰይፉም፣ ሻይ ቤት ለተቀመጠውም፣ ሥሪቷ ነው፣ ለእኛ አገር አልተሠራችም እያልኩ። ሐጂ ጢማቸውን እያሻሹ ሰሙኝና "እኔ እኮ ልገዛት ልቤ ሄዶ ነበር። አንተ እንዲህ ካልክ ተውኩት" አሉ።

አፍ የሌለው ብረት ላይ ዘመትኩ። ስንታየሁ ቃሌን አንድ በአንድ ስትጽፍ አየኋት።

7 ብዬ ጽፌ ባዶውን ትቼዋለሁ።

ሐሙስ፣ መስከረም 22

ድርጅቱ የላከው ባለሙያ ከጎንደር በአውቶቡስ መጣ። ቀጭን፣ ትሁት ልጅ ነው። ኮምፒውተሩን ሰክቶ አየና ከፊልትሮዋ ናፍጣ በውሃ ፕላስቲክ ጠርሙስ ቀድቶ እኛ ቤት ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠው። ይርጋ አለ። ተቀምጠን ጠበቅን። ከታች ውሃ፣ ከላይ ናፍጣ። እንደ ሁለት አገር መሀሉ ላይ መስመር አለው።

ውሃው ናፍጣ የሚገፋውን ፖምፓዋን በልቶታል አለ። "አሮጌ መኪና ውሃ ቢጠጣ ያስለዋል። ይህቺ ትሞታለች።" ቢጫው መብራት የተሠራው ለዚሁ ነው፣ ያኔ ቢቆም ትድን ነበር አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ በርቶ ነበር ወይ አለኝ። አላየሁም አልኩት።

ስንታየሁ ባለፈው ሳምንት ከማደያው የተቀበለችውን ደረሰኝ አወጣች። እንግዲያው ጥፋተኛው ማደያው ነው፣ ነገ ደብዳቤ ጽፌ እወስዳለሁ አለች። የቀዳችልን ውባለም ናት። ጎረቤታችን። ባሏ ከሞተ ወዲህ ሁለት ልጅ በዚያች ሥራ የምታሳድግ። ደረሰኙ ላይ ፊርማዋ አለ።

ዛሬ መናገር የምችልባቸው ጊዜያት፦
- ባለሙያው ሲጠይቀኝ።
- ደረሰኙ ሲወጣ።
- ልጁን አውቶቡስ ድረስ ስሸኘው። ለእሱ ብቻ እንኳ።
- ያልጋነሽ ፕላስቲኩን ልትደፋው ስታነሳ፣ ስንታየሁ "ተዪው እማዬ፣ ማስረጃ ነው" ስትል።

አራት ጊዜ። አራቱንም አሳለፍኳቸው። እንዲያውም ያልጋነሽ ብትደፋው ብዬ ተመኝቻለሁ። ይህንንም ልጻፈው።

አርብ፣ መስከረም 23

ተናገርኩ።

ደብዳቤውን ይዛ ወደ ማደያው ስትወጣ ተከተልኳት። ውባለም ከሩቅ አይታን እጇን አነሳች፣ ሙሽሪት ዳነች ወይ ብላ ጠየቀች። እየሳቀች። እዚያ ላይ እግሬ አልሄድ አለ።

"ስንቴ፣ ቁሚ። ጀሪካን ነው። እኔ ነኝ የጨመርኩት።"

አልጮኸችም። ብትጮኽብኝ ይሻለኝ ነበር። እንደ ሥራዋ አድርጋ ጠየቀችኝ።

"በምን አጠለሉት?"

"በነጠላ።"

"መብራቱስ?"

"በርቷል። ኮፍያዬን ደፋሁበት።"

ራሴ ላይ ያለውን ኮፍያ አየችው። ብዙ አየችው።

"ሞቀዎት ብዬ እኮ አዘንኩልዎት" አለች።

ከዚያ እጇን ዘረጋች። ቁልፉን ይስጡኝ አለች። ሰጠኋት። ደብዳቤውን አራት አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና በመንገዱ ማዶ ብቻዋን ወደ ቤት ተመለሰች። ውባለም ምን ሆናችሁ አለችኝ። ምንም፣ ፀሐዩ ነው አልኳት። አሁንም ውሸት። አፌ ለምዶታል።

ቅዳሜ፣ መስከረም 24

ስንታየሁ አታናግረኝም። ምሳ ላይ ጨው አቀበለችኝ፣ ይኸው ነው።

ማድረግ ያለብኝ፦
1. ሐጂ ሱቅ ሄጄ የረቡዑን ቃሌን መብላት።
2. ለአለቃዋ ራሴ መናገር።

1. ሄድኩ። ሐጂም ሰይፉም ሌሎቹም ነበሩ። ቆሜ ተናገርኩ፣ ተቀመጥ ቢሉኝም። ሰይፉ ነው ቀድሞ የተነፈሰ። በነጠላ ነው በጋቢ አለኝ። በነጠላ ስለው "በጋቢ ቢሆን ትተርፍ ነበር" አለ። ሱቁ በሳቅ ፈረሰ። ይገባኛል።

ሐጂ አልሳቁም። "ወላሂ ደሴ፣ እኔም ብሆን እጨምር ነበር። ማናችን ነን የማንጨምረው?" አሉ። ታዲያ አሁን ይገዟታል ወይ አልኳቸው፣ ተስፋ አድርጌ። ራሳቸውን ነቀነቁ። "ረቡዕ ሥሪቷ መጥፎ ነው ብለህ ነው የተውኳት። አሁን ደግሞ እሷ ደህና ሆና ጥፋተኞቹ እኛ ነን። ማደያው እኮ ነገም ባዶ ነው፣ እኔም ነገ ከጀሪካን እቀዳለሁ። ምን ላድርጋት?"

የሐጂን ቃል ለስንታየሁ ስነግራት ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለች። ይድገሙልኝ አለች። ደገምኩላት። ጻፈችው።

2. ከዚያ ደወለችና ስልኩን ሰጠችኝ። ናፍጣውን የጨመርኩት እኔ ነኝ፣ መብራቱንም የሸፈንኩት እኔ ነኝ፣ እሷ የማለችው ስላመነችኝ ነው አልኩት። አለቃዋ፣ በእጅዎ ጽፈው ይላኩ፣ እሷም ብትሆን ተሽከርካሪውን የተረከበች ናት፣ የሚሆነውን በሳምንቱ እንነግራታለን አለኝ። ዝቅ ባለ ድምፅ ነበር። ክፉ ሰው አይመስለኝም። ግን በሥራዋ ትቀጥላለች አላለም።

ጻፍኩ። ስንታየሁም ሪፖርቷን ጨርሳ ሳትናገር ጉልበቴ ላይ አስቀመጠችው። ከአንድ እስከ ስድስት የሰበሰብነው ነው። ሰባተኛው እንዲህ ይላል፦ "ማደያው ባዶ ሲሆን የቆላ ሹፌር ናፍጣ በነጠላ አጥልሎ ይጨምራል፣ መብራት ቢበራ ይሸፍነዋል። አሮጌዎቹ መኪኖች ይህን ስለሚችሉለት ከእነሱ አይለይም።"

ሹፌር ነው ያለችው፣ አባቴ አላለችም። ከጎኑ ስሜን ከነአባቴ ጻፍኩበት። አየችኝና አልሰረዘችውም።

እሁድ፣ መስከረም 25

ሙሽሪትን የሚወስደው የጭነት መኪና ከቅዳሴ በኋላ ደረሰ። ሰፈሩ ሁሉ ወጣ። ውባለምም ነበረች። ትናንት ቤቷ ሄጄ ነግሬያት ነበር፣ ስሟ ደብዳቤ ላይ ደርሶ እንደነበር ጭምር። ሰላም አላለችኝም ዛሬ። እሷም እውነቷን ነው።

ሁለት ሳንቃ አጋድመው በሽቦ ገመድ ሊስቧት ተዘጋጁ። ሳንቃዎቹ ጠባብ ናቸው። ሹፌሩ፣ አንድ ሰው መሪ ይያዝ፣ ከሳተች ትገለበጣለች አለ። ሰይፉ እኔ አለ። ስንታየሁ ቁልፉን በእጇ ይዛ ቆማለች። ሰይፉን አየችው። ሳንቃውን አየችው።

"አባዬ፣ መሪውን ይያዙልኝ" አለች።

ገባሁ። ቁልፉን ስጠመዝዝ መብራቶቹ ሁሉ በሩ፣ ቀዩም ቢጫውም። ኮፍያዬን አውልቄ ጉልበቴ ላይ አደረግኩት። ፀሐዩ በመስታወቱ አናቴን እየመታኝ ነው። ገመዱ ሳበ። ስንታየሁ ከፊት ሆና በእጇ ግራ፣ ትንሽ ቀኝ፣ ቀጥ ትለኛለች። ዓይኔን ከእጇ ሳልነቅል ቀስ ብለን ወጣን።

ስወርድ ቁልፉን መለስኩላት። "ሞቀዎት" አለች። ጥያቄ አልነበረም። አዎ፣ ዛሬ የእውነት ሞቆኛል አልኳት። ከንፈሯ ጫፍ ላይ የሆነ ነገር አየሁ መሰለኝ። እርግጠኛ አይደለሁም።

ከጭነቱ ሹፌር ጎን ተቀምጣ ሄደች። የአለቃዋ መልስ ገና ነው። ስትደርስ እደውላለሁ ያለችው ለእናቷ ነው። የቤታችን ስልክ ግን ያለው እኔ ጋ ነው። እዚሁ ደብተሩ አጠገብ።