ክርስትና ያነሳኋቸው

ግንቦት 3

ጠዋት ውኃ መጣ። ብርድ ልብሶቹን በሙሉ አወጣን። ልጆቹ በባዶ እግራቸው ገንዳ ውስጥ እየገቡ ረገጡልኝ። ሕሊና ትንንሾቹን በተራ ታስገባለች።

«እትዬ አይናዲስ፣ ማሬን ላስገባት ወይስ ትወድቃለች?»

«ያዣትና ትግባ።»

ገባች። አልወደቀችም። ማሬ አምስት ዓመቷ ነው፣ የሚጥል በሽታ አለባት። ሕሊና ዘጠኝ ሞልቷታል።

ከሰዓት በኋላ ሥራ አስኪያጁ አብይ ቢሮ ጠራኝ። ማሳደጊያውን የምትረዳው የባሕር ማዶዋ ቤተ ክርስቲያን ተሰብስባ ወስናለች። ልጅ ማደግ ያለበት በቤተሰብ ውስጥ ነው ብለዋል።

«ይዘጋል በለኛ።»

«መዝጋት አይደለም እትዬ። ሽግግር ነው።»

«መቼ?»

«ሰኔ መጨረሻ።»

ወጥቼ ብርድ ልብሶቹን ገለበጥኩ። አንደኛው ወገን ደርቆ ነበር።

ግንቦት 8

አብይ የልጆቹን ዘመድ ፍለጋ ጀመረ። መንገድ ሲከፈት ይወጣል፣ ሲዘጋ ቢሮ ተቀምጦ ስልክ ይደውላል።

የባሕር ማዶዎቹ ክፉ ሰዎች አይደሉም። መንገዱ ሰላም በነበረ ጊዜ እንግዶቻቸው መጥተው ነበር። ማሬ ፊታቸው ወደቀች። አንዲት ሽበታም ሴት መሬት ቁጭ ብላ ጭንቅላቷን ያዘችላት። ከኛ ሰው ስንቱ ነው የሚነካት?

ምናልባት ልክ ናቸው… ልጅ ቤት ያስፈልገዋል። ታዲያ ይሄ እስከ ዛሬ ምን ነበር?

ግንቦት 16

ኪዳነ ምሕረት ሄድኩ። ከቅዳሴ በኋላ አባ ዘማርያምን ጠበቅኳቸው።

«አባ፣ የክርስትና እናት ዘመድ ናት?»

«ከዘመድም ትበልጣለች።»

«ልጅ ውሰጂ ለመባልም?»

ሳቁ። «ስንቱን ነው ያነሳሽው አንቺ?»

«ስድስት።»

«ደብሩን ሙሉ ልታነሺው ነው ወይ ብዬሽ አልነበር? ታዲያ ስድስቱንም ልታሳድጊ ነው?»

መስቀላቸውን ተሳልሜ ወጣሁ። ሕፃን ይመጣል፣ ወላጅ የለውም። ወንድ ከሆነ ዘበኛው ያነሳል፣ ሴት ከሆነች እኔ። ሰማንያ ቀኗ ሲደርስ ነጠላዬን ለብሼ አቅፌ እሄዳለሁ። ማን ያነሳታል ሲባል፣ እኔ። እንደ ሥራ ነበር የያዝኩት። መታጠብ አለባቸው፣ መብላት አለባቸው፣ ክርስትና መነሳት አለባቸው።

ግንቦት 26

ለአብዛኞቹ ሰው ተገኘ። ከክርስትና ልጆቼ አንዷ ሂዊ፣ ጉንደ ወይን አያት አላት ለካ። ሽማግሌው አብይን «የልጄ ልጅ ሞታለች ነበር ያሉኝ» አሉት።

ሰው ያልተገኘላቸው ሕሊናና ማሬ ብቻ ናቸው። ሁለቱም የኔ የክርስትና ልጆች።

«ሁለቱንም ስጠኝ» አልኩት።

«እጽፍላቸዋለሁ።»

ሰኔ 4

መልስ መጣ። ላጤ ለሆነች ሴት አንድ ልጅ። ከዚያ ካለፈ እንደገና ማሳደጊያ ሆነ ማለት ነው ይላሉ።

«አንዷን ምረጪ» አለ አብይ። አላየኝም ሲናገር። «ሕሊናን የምትፈልግ ሴት ሉማሜ አለች። ማሬን ግን… ማንም። አዲስ አበባ አንድ ትልቅ ተቋም አለ፣ እዚያ ትላካለች።»

ሕሊና የበሰለውን ድንች እየላጠች ነበር። ሰምታለች? እንጃ።

ሰኔ 9

የሉማሜዋ ሴት መጣች። ወይዘሮ ወለተ ሰንበት። አውቶቡስ መቆሚያው ጋ ሻይ ቤት አላት። ልጅ አልወለደችም። ሕሊናን አገላብጣ ስማ እጇን ያዘች፣ ቶሎም አልለቀቀችውም።

«ስንተኛ ክፍል ነሽ የኔ እመቤት?»

«ሦስተኛን ጨረስኩ።»

«ጎበዝ! ትማሪያለሽ። ሲመሽ ሻይ ቤቱን ታግዥኛለሽ።»

ማሬን አሳየኋት። አጎንብሳ ሳመቻት። ከዚያ ወደ ጎን ወስዳኝ፣

«ደንበኛ ፊት ብትወድቅ ምን አደርጋለሁ እህቴ? ሰው ሻዬን አይጠጣም። ልዋሽሽ?»

አልዋሸችም።

እንግዲህ ሕሊናን የፈለገቻት ለልጅነት ነው ለገረድነት? ሁለቱም ይሆናል። እኔስ ድንች የማስልጣት ለምንድን ነው?

ሰኔ 10

ልብስ አጠብኩ።

ሰኔ 13

ለአብይ ነገርኩት። ማሬን።

«ሕሊናን የምትይ መስሎኝ ነበር።»

«እኔም።»

ወረቀቱን ሰጠኝ፣ ፈረምኩ። ማልቀስ ነበረብኝ? አልመጣም። ሕሊናን ማንም ያቅፋታል። ማሬ ስትወድቅ በጎን የሚያስተኛት ግን… ይኸው ነው። ሌላ ምክንያት የለኝም።

ሕሊናን ጠርቼ ነገርኳት። «እሺ» አለች። ቀጥላ የማሬን መድኃኒት የት እንደምታስቀምጠው አሳየችኝ። አውቀዋለሁ፣ እኔው ነኝ ያሳየኋት። እንደ አዲስ አየሁ።

ሰኔ 28

ሁሉም ሄዱ። ሕሊና ሚኒባሱ ውስጥ መስኮት በኩል ተቀመጠች፣ ግን ፊቷን አላዞረችም። አብይ ፎቶ አነሳ፣ ለባሕር ማዶዎቹ ይልከዋል። ዘበኛው በሩን ቆለፈ። ከልማድ ነው፣ ውስጥ ምንም የለም።

ሐምሌ 7

የኪራይ ቤቴ ለሁለት ይጠባል። ማሬ ዛሬ ሁለቴ ወደቀች። አከራዬ በር ላይ ቆማ፣

«ጠበል አስገቢያት» አለችኝ።

«ጠበሉንም መድኃኒቱንም።»

«አንዱን ብታምኝ ምናለበት?»

ማሬን በጎን አስተኛኋት። ማሬ ስትነቃ መጀመሪያ የጠራችው ሕሊናን ነው።

ነሐሴ 14

ትናንት ለቡሄ ሙልሙል ጋገርኩ። የክርስትና እናት ለልጇ ትጋግራለች፣ ሌላ ነገር ማድረግ አላውቅም። ለስድስቱም። ማሬ የሷን እዚሁ በላች። መንገድ ክፍት ነው ሲሉኝ እሷን ለአከራዬ ትቼ ሉማሜ ሄድኩ። አከራዬ እያጉረመረመች ተቀበለች፣ ግን በጎን ማስተኛቱን ተምራለች።

ሻይ ቤቱ በሰው ሞልቷል። ሕሊና ብርጭቆ ትሰበስባለች። ወፍራለች። ጫማዋ አዲስ ነው። ወለተ ሰንበት አየችኝና ከውስጥ ጮኸች፣

«ሕሊና! እናትሽ መጣችልሽ!»

ሕሊና ብርጭቆዎቹን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠች። ቀና ብላ፣

«እናቴ አይደለችም። የክርስትና እናቴ ናት።»

ሙልሙሏን በሁለት እጇ ተቀበለችኝ። ቆማ በላችው፣ ሙሉውን፣ ፊቴ።

«ደርቋል» አለች።

እውነቷን ነው። ትናንት የተጋገረ ነው።

ብርጭቆዎቿን አንስታ ገባች። ወለተ ሰንበት ሻይ ቀዳችልኝ፣ ሒሳብ አልቀበልም አለች። ጠጣሁና ተነሳሁ።

ነገ መኪና ካለ ጉንደ ወይን። የሂዊ ሙልሙል አለ።